የቴስታታው ብሎንና የቆዳው ችካል

የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የማሽላ መጋዘን ነበር። ማሽላው ቢወጣም ነቀዙ አልወጣም፤ አብረን ታሰርን። ከጂንካ ቁልቁል ወደ በረሃው ሲወርዱ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ስሟን ልተወው። ምርጫ ባለፈ ሰሞን ነው። ጥፋቴ የተቃዋሚዎችን የቅስቀሳ መኪና መጠገን ነበር። «ሳጅን፣ እኔ ካንዴላ ነው የቀየርኩላት፤ ምን እንደምትናገር አልጠየቅኳትም» ብለውም ያሰረኝ ሳጅን አልሰማኝም።

በማግስቱ ጂንካ ፍርድ ቤት አቀርብሃለሁ አለኝ። አሥራ አንድ ቀን አለፈ። «የትራንስፖርት ችግር አለ» ይላል። ችግሩን በበሩ ስንጥቅ አየው ነበር። የጣቢያው ብቸኛ አሮጌ ፒካፕ ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች። ቴስታታዋ፣ ያ ሞተሩን ከላይ እንደ ክዳን የሚደፍነው ከባድ ብረት፣ ወርዶ ጆንያ ላይ ተኝቷል። ሳጅኑ ራሱ ሁለቴ ገጥሞት፣ ከሥሩ የሚነጠፈውን ስስ ማሸጊያ፣ ጋስኬቱን፣ ሁለቴ አቃጥሏል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን በሩ ተከፈተ።

«አንተ፣ መካኒክ አይደለህ?»

«ክሱ ላይ ተጽፎ የለም እንዴ?»

ሞተሩ ጋ ስንደርስ «እስኪ ይዩልኝ ጋሼ» ሆነ።

የቀረችው ጋስኬት አንዲት ነበረች። እሷም ከተቃጠለች ሌላ የሚመጣው ከጂንካ ነው፤ የምታመጣውም ይህችው መኪና። እጄ ከሳተ ከነቀዙ ጋር መክረሜ ነው።

የሚያግዘኝ አብሮኝ የታሰረ አርብቶ አደር ተሰጠኝ። በከብት ጠብ የገባ ነው፤ አማርኛው ጥቂት፣ ክንዱ ብርቱ። ሁለቱን የብረት ፊት በቢላ ፋቅን፣ በጨርቅ ጠረግን። በብሎኖቹ ቀዳዳ የቀረውን ውሃ እፍ ብለን ያስወጣነው ሳጅኑ ቃሌን በጻፈበት የእስክሪብቶ ቀፎ ነው። ጋስኬቷን አነጠፍን፤ ቴስታታውን ለሁለት ተሸክመን ቀስ ብለን አስቀመጥን።

የመሃሉን ብሎን ስይዝ ሳጅኑ ጮኸ።

«ከፊት ነው የሚጀመረው! ከፊት ወደ ኋላ፣ በተራ!»

«እንደዚያ ነው ያሰሩት?»

«ታዲያስ! አንድም ሳልዘል።»

«ጋስኬቶቹን የበላቸው እሱ ነው። ይሄ ሰልፍ አይደለም፣ ሳጅን። ከመሃል ተነስቶ ወደ ዳር፣ ያውም በሦስት ዙር።»

«ሆን ብለህ ልታበላሻት ነው!» አለ። ወደ «አንተ» ተመለስን።

ያን ጊዜ አርብቶ አደሩ ሳቀ። «ቆዳ ነው» አለና ቁጢጥ ብሎ አፈሩ ላይ በጣቱ ሣለ። «ቆዳ ወጠርክ፣ ችካል አንድ ጎን ብቻ መታህ፤ ተጨማደደ። ወዲህ አንድ፣ ወዲያ አንድ። ይሄን ልጅ ያውቃል።»

ሳጅኑ ስዕሉን አየ፣ ቴስታታውን አየ፣ ከመንገዴ ዞር አለ። ከዚያ በኋላ አርብቶ አደሩ ጣቱን እየቀሰረ ያዛል፣ እኔ አስራለሁ፣ ሳጅኑ መፍቻ ያቀብላል።

ሞተሩ ተነሳ። በማግስቱ ሁለታችንም ተጭነን ዳገቱን ወጣን። እስረኛ ሆኖ ለፖሊስ መኪና እንደ እኔ የጸለየ ያለ አይመስለኝም።

ዳኛው ክሱን ሰሙ።

«መኪና መጠገኑ ነው ጥፋቱ?»

«አዎ፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለ ሳጅኑ።

«የእናንተ መኪና ተበላሽታለች ስትሉ አልነበር? በምን መጣችሁ?»

«በእሷው። ተጠገነች።»

«ማን ጠገናት?»

ሳጅኑ ኮፍያውን አገላብጦ ያይ ጀመር። ዳኛው መዝገቡን ዘጉና ፈቱኝ። አርብቶ አደሩን ጓደኛዬን ግን ሌላ ቀን ቀጠሩት፤ ጠዋት ወደ መጋዘኑ ይመለሳል።

እዚያው ጂንካ ያለው ቤቴ ገብቼም አልረጋሁ። አዲስ የታሰረ ቴስታታ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ብሎኑ ይላላል፤ አንዴ መደገም አለበት። ጠዋት የራሴን መፍቻ ይዤ መኪናዋ ወዳደረችበት የጂንካ ጣቢያ ሄድኩ።

«ማንን ሊጠይቁ ነው?» አለ ዘበኛው።

«ልገባ ነው።»

«እስረኛ ነዎት?»

«ትናንት ተፈትቻለሁ።»

«ታዲያ ይሂዱዋ!»

ስንጨቃጨቅ ሳጅኑ ወጣ። «ጋሼ፣ ነጻ ነዎት እኮ!»

«እኔስ ነጻ ነኝ። ብሎኖቹ ግን አንድ ዙር ይቀራቸዋል። ሰው ጭነህ ነው የምትወርደው።»

ኮፈኗን ራሱ ከፈተልኝ። አጎንብሼ ማሰር ስጀምር፣ ፒካፗ ላይ በካቴና የተቀመጠው ጓደኛዬ ከኋላ ጮኸ፦ «ወዲህ አንድ፣ ወዲያ አንድ!» ሳጅኑም ሳያስበው አብሮት ይል ጀመር።

አሁን አርጅቻለሁ። ያቺ ፒካፕ ዛሬም አንዳንዴ በደጄ ታልፋለች። ከኋላ ማን እንደተጫነ ማየት አልወድም። ጆሮዬን ግን አቀናለሁ። ድምፅዋ ደህና ነው፤ ዳገቱን ታወጣቸዋለች።