ልጄን ሊያርሱ ባሕር የተሻገሩት እትዬ አሰለፈች

ዛሬ ጠዋት ከቅዳሴ ስወጣ ጎረቤታቸው ደውላ «እትዬ አሰለፈች አረፉ» አለችኝ።

«የትኛዋ አሰለፈች?» አልኳት። ሌላ አሰለፈች እንደማላውቅ እያወቅኩ።

ትናንት እኮ አፍንጮ በር ታክሲ መያዣው ጋ ከረዳት ጋር ሲከራከሩ ትቻቸው ነው ወደ ሱቄ የወረድኩት።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። እትዬ አሰለፈች የሟች ባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው። ባለቤቴ ስታርፍ አንዲቷ ልጃችን ሒሩት ውጭ አገር ነፍሰ ጡር ነበረች። ባሏ የሌሊት ፈረቃ ነው የሚሠራው። ሐኪሞቹ ደግሞ በኦፕራሲዮን ነው የምትወልጂው ብለዋታል። በደወለች ቁጥር «አባዬ፣ ማን ያርሰኛል?» ትለኛለች። እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ፤ አራስ ማረስ የት አውቃለሁ። ጸሎቴን አደርሳለሁ።

እትዬ ሰሙና ነጠላቸውን አስተካክለው «እኔ እሄዳለኋ» አሉ፤ ቴዎድሮስ አደባባይ ወርደው የሚመለሱ ይመስል።

ሒሩት ጥሪ ላከች፣ የጎብኚ ቪዛ ጠየቅን። ለቃለ መጠይቅ ተጠሩ። እኔ ውጭ አጥሩ ጋ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ፊታቸው በርቶ ወጡ።

«ምን አሉዎት?»

«ለምንድን ነው የሚሄዱት አሉኝ። ለሥራ አልኳቸዋ።»

እጄን ጭንቅላቴ ላይ ጫንኩ። «እትዬ፣ ልጎበኝ ነው እኮ ነው የሚባለው።»

«አንተ ተክሌ፣ አራስ ቤት እንግዳ ሆኖ የሚሄድ ሰው ታውቃለህ? ሄጄ ልጎለት ነው? ላጥብ፣ ላበስል፣ ሕፃን ላቅፍ ነው አልኳቸው። ይወቁት።»

ተከለከሉ። ሥራ ሊሠሩ ነው፣ አይመለሱም ተባለ። እኛ ዘንድ አራስ ቤት ሄዶ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ይታማል፤ እዚያ ደግሞ እሠራለሁ ያለ በሩ ይዘጋበታል። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን የዘወትር ቃላቸውን አወጡ፤ «ገና ምኑ ተያዘና።»

ፒያሳ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ዘንድ ወሰድኳቸው። «እማማ፣ ፏፏቴ ልጎበኝ ነው ይበሉ፤ ስሙን አስጠናዎታለሁ» አላቸው።

«ልጄ ሆዷ ተቀዶ ተኝታ እኔ ውኃ ሲወርድ ልይ? አንተን እናትህ ስትወልድህ አክስትህ የት ነበረች፣ ፏፏቴ?»

ሰውዬው ሣቁን መያዝ አቅቶት ማኪያቶውን አስቀመጠ።

በኋላ ሒሩት እዚያው ጠይቃ አጣራች። ያለ ክፍያ የራስን ቤተሰብ መርዳት በጎብኚ ቪዛ ይቻላል፤ ዋናው ተመልሰው መምጣታቸው ነው አሏት። ይህን በምን እናስረዳ? ቤታቸው የቀበሌ ነው፤ እሱም ይፈርሳል እየተባለ ነው። ባል የለ፣ ልጅ የለ።

እንደገና አመለከትን። ሁለተኛ ሲጠሩ እውነቱን እንዳለ ይዘው ገቡ። «አልቀጠርም፣ አይከፈለኝም። የእህቴን ልጅ ላርስ ነው» አሉ። እንደሚመለሱ በምን እናውቃለን ሲሏቸው «የአስተርእዮ ማርያም ድግስ ተራው የኔ ነው። ማኅበርተኛው ፊት ተቀብያለሁ» ብለው መለሱ።

ፈረንጁ አልገባውም። አስተርጓሚዋ ግን የማኅበር ቤት ልጅ ኖራ፣ በየወሩ ጽዋው ከቤት ቤት እንዴት እንደሚዞር ረዘም አድርጋ አስረዳችው። እሱም «ባይመለሱስ?» አለ።

«ከእኔ በፊት ተራ ተቀብሎ የቀረ የለም። ሞቶ የቀረ አለ፤ የሱንም ልጆቹ ደግሰዋል።»

ፓስፖርቱን የሰጡን ቀን ታክሲ ውስጥ ሆነን ገለጥነው። ቪዛው ተለጥፏል። እትዬ እልልታውን አቀለጡት።

ረዳቱ ዞሮ «እማማ፣ ሎተሪ ደረሰዎት እንዴ?» አለ።

«አራስ ልጠይቅ ነው።»

«አራስ ጥየቃ እንዲህ ያስጮኻል?»

«ባሕር ማዶ ነዋ አራሷ።»

ታክሲው በሙሉ እልል አለ። ሹፌሩ ክላክሱን ነፋ፤ ከኋላ ያለውም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ነፋ።

ሒሩት በወለደች በሳምንቱ ደወለች። ድምፅዋ ሌላ ሆኗል። «አባዬ፣ ተኛሁ እኮ» አለችኝ። «ገንፎዬን በላሁ፣ ወገቤን ታሸሁ፣ ተኛሁ።» ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ በደስታ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው።

እዚያው ቅሩ ያሏቸው ነበሩ። እሳቸው ግን ለአስተርእዮ ደረሱ፣ ደገሱ። ሰፈራችን ግማሹ ፈርሶ ሰው በየዳሩ ቢበተንም ያን ቀን ከድንኳናቸው የቀረ ማኅበርተኛ የለም።

ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ጠዋት ማታ የምጸልየው እኔ ነኝ፤ በሩ ሲዘጋ ያልደነገጡት ግን እሳቸው ናቸው። ስለ እምነታቸው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ሲሠሩበት ነው ያየሁት።

መርዶውን ለሒሩት የነገርኳት እኔው ነኝ። ኮቷን ለብሳ ልትወጣ ስትል ነው የደረስኩባት። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ «አባዬ፣ ገንፎው እየቀዘቀዘ ነው» አለችኝ።

«የምን ገንፎ?»

«አንዲት ያገራችን ልጅ ወልዳለች፤ እናቷ ቪዛ ተከልክላለች» አለችኝ።

«ዛሬ እንኳ ይቅርብሽ» አልኳት።

«እሷም እኮ የሚያርሳት የላትም» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

እትዬ፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሰፈርዎ ተሰብስቦ ይሸኝዎታል። ከተበተኑበት ሁሉ እየመጡ ነው። እግዚአብሔር ነፍስዎን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። ሒሩት ለምን ለቅሶ አልተቀመጠችም ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ቀና ብዬ እመልስለታለሁ።

ደኅና ይሂዱ፣ እትዬ። ልጅዎ አራስ ቤት ናት።