ሰፊው፣ ላልቶ ሲነበብ

ሽፈራው አንድ አመል ነበረበት፤ ያለ ሙዚቃ መርፌ አያነሳም። ቦሌ፣ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለችው ስፌት ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ በቴፕ ስትጮህ ትውላለች። በሩ ላይ «ዘመናዊ ልብስ ስፌት» ተብሎ ተጽፏል፤ ዘመናዊ የነበረው በጃንሆይ ጊዜ ነው እንጂ አሁንስ ቀለሙም ረግፏል። ጊዜው የደርግ ነው። ሰው የሚናገረውን እየመረጠ የሚናገርበት፣ የሚያዳምጠውን ግን እንዳሻው የሚተረጉምበት ጊዜ። አዲስ ካሴት ወጣ ሲባል ሰፈሩ ሰርግ የተጠራ ይመስል ግር ብሎ ሽፈራው ቤት የሚሰበሰበውም ለዚህ ነው። ግማሹ ቁልፍ ሊያስተክል፣ ግማሹ ምንም ጉዳይ ሳይኖረው ይመጣል።

ያን ሰሞን የወጣው ካሴት ደግሞ የሌላ የማንም ሳይሆን የተወልደ ነበር። ተወልደን የሽፈራው ልጅ ነው ቢሉት ውሸት አይሆንም። ሆቴል ቤት እየዘፈነ ማደሪያ ሲያጣ፣ ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል አስጠግቶት ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል። ልጁ መጀመሪያ መድረክ ላይ የወጣባትን ኮት የሰፋለትም ሽፈራው ነው፤ ገበሩን ከሰው ትራፊ ጨርቅ አገጣጥሞ። አሁን ተወልደ ስሙ ተጠርቷል፣ ፒያሳ ክፍል ይዟል፣ ግጥምም ዜማም ራሱ ይሠራል።

አስተያየት መስጠት ላይማ የሰፈሩን ሰው የሚቀድመው የለም። ጎን ያለው ባለሱቅ ሙክታር ገና ሁለተኛው ዘፈን ሳያልቅ ፊቱን አጨፈገገ።

«ኦርጋን በዛ!» አለ። «ያን ሁሉ ጥሩምባ ምን አድርገው በሉት? ድሮ ጥሩምባው ሲነሳ ሆድህ ውስጥ ይገባ ነበር። አሁን አንድ ልጅ በጣቱ እየነካካ ሁሉንም እኔው ነኝ ይላል።»

ወይዘሮ ወርቅዬ በዚህ አልተስማማችም። ወርቅዬ አውሮፕላን ማረፊያው ወጥ ቤት የምትሠራ፣ ባሏ የሞተባት፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ቀሚሷን ለማሳጠር አምጥታ ሳምንት ሳይሞላ ያንኑ ቀሚስ ለማስረዘም ትመልሰዋለች። ለምን እንደሆነ ከሽፈራው በቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሽፈራው የሚያውቀው፣ እሷ ስትገባ ፀጉሩን በእጁ እንደሚያስተካክል ብቻ ነው።

«ድምፁ በስሏል» አለች ወርቅዬ። «ድሮ ይጮህ ነበር፤ አሁን ይነግርሃል።»

በካሴቱ ጀርባ ገጽ መጨረሻ ላይ ያለው ዘፈን «ሰፊው» ይላል። ብቻውን፣ ሌላ ቃል ሳይከተለው። ነገሩ የተጠላለፈው እዚህ ላይ ነው። ፊደላችን ቃሉ ይጥበቅ ይላላ አይናገርም፤ አንባቢው ይወቀው ብሎ ይተወዋል። «ሰፊው» ጠብቆ ከተነበበ ሰፊው ሕዝብ ነው፤ በዚያ ዘመን ከሬዲዮ እስከ ግድግዳ ያልገባበት ቦታ የለም። ላልቶ ከተነበበ ግን ልብስ ሰፊው ነው፣ መርፌና ክር ይዞ የተቀመጠው ሰውዬ። ታዲያ ዘፈኑን አዳምጦ መለየት ነዋ! ትሉ ይሆናል። እሱማ ባልከፋ፤ ተወልደ ግን ቃሉን እንደ ማስቲካ እየለጠጠ ነው የሚዘፍነው። ይጥበቅ ይላላ፣ እሱና ፈጣሪው ይወቁት።

ግጥሙ እንዲህ ይላል፦

ሰፊው ሰውን ሁሉ አልብሶ ሰድዶ፣
እሱ ቁጭ ብሏል ሱሪው ተቀዶ።
መርፌው በእጁ ነው፣ ክሩም አላነሰው፣
የሚነግረው ጠፋ ከኋላው ያለ ሰው።

ሽፈራው ይህን ሲሰማ ጆሮው ጋለ። እጁ ሳይታዘዝ ሄዶ ቴፑን ቀጭ አደረገው።

ምክንያት ነበረው። ተወልደ ከእሱ ጋር በሚኖርበት ጊዜ አንድ ጎረቤት ሞቶ ቀብሩ ቦሌ መድኃኔዓለም ነበር። ሽፈራው የዕድሩ ሰው ስለሆነ ፊት ፊት ሲል ዋለ፤ አስከሬን ተሸከመ፣ ጎንበስ ቀና አለ፣ ድንኳን ገብቶ እንግዳ አስተናገደ። ማታ ቤቱ ሲገባ ተወልደ አየውና አቀርቅሮ፣ «ጋሼ፣ ሱሪዎ እኮ ከኋላ ተተርትሯል» አለው። ለካ ሱሪው ከቀበቶው በታች ለሁለት ተከፍሎ፣ እሱም እንደዚያው ሆኖ ነው ሲዞር የዋለው! ያ ሁሉ ለቀስተኛ አይቷል። አንድም ሰው ግን ጠጋ ብሎ አልነገረውም፤ ይሉኝታ ይዞት፣ ትልቅ ሰው ማሳፈር ይሆንብኛል ብሎ። ልብስ ሰፊ ሱሪው ተቀዶ! ሐኪም በጉንፋን ሞተ እንደ ማለት እኮ ነው። ሽፈራው ለቀናት ከቤት ሳይወጣ ከረመ፤ ከዚያ ወዲያ ያን ቀን ያነሳበት ሰው የለም።

አሁን ደግሞ በካሴት! አገር በሚያዳምጠው!

«አንተ ሽፌ!» አለ ሙክታር እየሳቀ፤ ቀብሩ ላይ እሱ አልነበረም። «ዘፈን ወጣልህ አይደል እንዴ! ይሄማ አንተ ነህ።»

ወርቅዬ ከመደቡ ላይ ቀና ብላ አየችው። ሽፈራው ያን አስተያየቷን ሊችለው አልቻለም።

«እኔ? ምን ነካህ አንተ!» አለ። «ጠብቆ ነው የሚነበበው። ሰፊው ሕዝብ ማለቱ ነው። ሰምና ወርቅ የሚባል ነገር አልሰማህም? መርፌው በእጁ ነው ሲል ጉልበቱ በእጁ ነው ማለቱ ነው። ለሌላው ሠርቶ ሠርቶ ራሱ ራቁቱን ቀረ ነው የሚለው። የሚነግረው ጠፋ ሲልማ... እሱን እንግዲህ ራስህ አስበው!»

ይኼ ሁሉ ከየት እንደመጣለት ሽፈራው ራሱ አያውቅም። ነገር ግን ሲያብራራ የሙክታር አፍ ተከፍቶ ቀረ። ሽፈራው ድል ያደረገ መሰለው። ቀጥሎ ለመጣው ደንበኛም እንዲሁ አብራራ። ለሌላውም። ኦርጋን በዛ ሲሉ የነበሩት ሁሉ ኦርጋኑን ረሱት፤ ዘፈኑን በሹክሹክታ ያዳምጡት ጀመር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በሳምንቱ ትርጓሜው ገርጂ ደርሶ ተመለሰ፤ ሲመለስም ወፍሮ ነበር።

ከቀበሌው ሊቀመንበር ጆሮም ገባ። ሊቀመንበሩ ወልደጻድቅ ይባላል፤ አባቱ ቄስ ነበሩ፣ እሱ ግን «ጓድ ወልደ» ሲሉት ነው ደስ የሚለው። ሰፈሩ ውስጥ ያደገ ልጅ ስለሆነ ሽፈራውን አሁንም በአንቱታ ነው የሚጠራው። የካኪ ኮቱን ሊለካ መጥቶ፣ እጁን ዘርግቶ እንደቆመ፣ ዘና ብሎ ጠየቀ።

«ጋሽ ሽፈራው፣ ይሄ የተወልደ ዘፈን ወርቅ አለው አሉ። የተረጎሙትም እርስዎ ነዎት አሉ።»

ሜትሩ ከሽፈራው እጅ ወደቀ።

«ጨዋታ ነው እኮ» አለ።

«እሑድ በስብሰባው ላይ ያጫውቱናል እንግዲህ። ልጁም ይመጣል፤ እንዲያመጡት ተልኳል። የሰማነው ልክ ከሆነ ነገሩ ከእኛ በላይ ነው።»

ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። ኮቱን አጣጥፎ ሄደ። ሽፈራው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ከእነሱ በላይ የሄደ ሰው እንዴት ሆኖ እንደሚቀር ሁሉም ያውቃል። ተወልደ ደግሞ ስሙም አይረዳውም፤ ሰሜን ጦርነት እየነደደ የሰሜን ስም ይዞ ሰፊው ሕዝብ ራቁቱን ቀረ ብሎ መዝፈን!

ወርቅዬ ያን ቀን ቀሚስ ሳትይዝ ነው የመጣችው። በሩ ላይ ቆመች።

«ልጁን አስበላኸው እኮ፣ ሽፈራው» አለችውና ተመልሳ ሄደች።

እሑድ ጠዋት የቀበሌው አዳራሽ ሞላ፤ ቀሪ መባል ጣጣ አለዋ። ተወልደ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ በሁለት የአብዮት ጥበቃዎች መካከል ተቀምጧል። ፂሙ አድጎ፣ ከንፈሩ ደርቋል። ወልደጻድቅ ቴፕ አስመጥቶ ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሰማ።

«ጓድ ሽፈራው» አለ ሊቀመንበሩ። «ለጓዶች ያብራሩ። ሰፊው ሲል ጠብቆ ነው ወይስ ላልቶ?»

ሽፈራው ተነሳ። ኮት ደርቧል።

«ላልቶ ነው» አለ።

«ሳምንቱን ሙሉ ጠብቆ ነው ሲሉ አልነበር?»

«ስዋሽ ነበር።»

አዳራሹ ተንሾካሾከ። ወልደጻድቅ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገ። «ለምን ይዋሻሉ?»

«አፍሬ ነዋ!» አለ ሽፈራው፣ ድምፁ ድንገት ከፍ ብሎ። «ሰፊው እኔ ነኝ። ሰውን ሁሉ አልብሶ ይላል፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግማሹ የለበሰው እኔ የሰፋሁትን አይደለም? አንተስ የለበስከው የማንን ነው? ሱሪው ተቀዶ ይላል፤ ቦሌ መድኃኔዓለም ቀብር ላይ ሱሪዬ ተቀዶ ውያለሁ። ማታ የነገረኝ ይሄ ልጅ ነው። እኔን መዝፈኑ አናዶኝ፣ ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ በሕዝብ አሳበብኩ። ይኸው ነው!»

ይህን ብሎ ለመድረኩ ጀርባውን ሰጠ። ወይ ድፍረት! ሽፈራው ኮቱን ከኋላ ከፍ አደረገ። ያኔ የተቀደደው ሱሪ ነው፤ ከሳጥን አውጥቶ ሆን ብሎ ለብሶት መጥቷል። የተጣፈበት ጨርቅ መሐል ላይ ጉብ ብሏል።

መጀመሪያ ከወደ ኋላ አንድ ሳቅ አመለጠ፤ ከዚያ አዳራሹ በሞላ ተንከተከተ። ወልደጻድቅ ግን አልሳቀም።

«የተጣፈ ሱሪ ሁሉም ሰው ጋ አለ» አለ። «ያን ቀን ያየ ምስክር አለ?»

ሰው አይቻለሁ ብሎ ይነሳ? ያን ቀን እንዳይነግሩት ያደረጋቸው ይሉኝታ ዛሬም ሁሉንም እንደያዘው ነው። ሽፈራው ኮቱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«እኔ አይቻለሁ» አለች ወርቅዬ።

ከሴቶቹ መሐል ተነስታለች፤ ነጠላዋን ታስተካክላለች። «አስከሬኑ ሲወጣ ከኋላው ነበርኩ። እስከ ድንኳኑ ድረስ እያየሁ ሄድኩ። ልንገረው፣ አልንገረው እያልኩ አፌን ይዞኝ ቀረ። ዘፈኑን ስሰማ እኔንም የሚል መስሎኝ ነው የደነገጥኩት፤ ከኋላው ያለ ሰው ሲል።»

ሽፈራው ዞሮ አያት። እሷ እንዳታውቅበት ብሎ ነበር ያን ሁሉ የቀባጠረው! ለካ ከመጀመሪያው ታውቃለች፤ እያወቀች ነው ቀሚስ ስታሳጥር ስታስረዝም የከረመችው። እፍረት ይሁን ደስታ ያልለየለት ነገር ደረቱን ሞላው።

ወልደጻድቅ በመጨረሻ ሳቀ። የአባቱን የመሰለ፣ ሰፈሩ የሚያውቀው የልጅነት ሳቁ ነበር። «ላልቶ ነው በቃ» አለ። «ልጁን ልቀቁት። ወደ ቀጣዩ አጀንዳ።»

በማግስቱ ተወልደ ስፌት ቤት መጣ። ተላጭቷል። ሽፈራው አንገቱን አቅፎ ሳመውና ወንበር ሰጠው።

«ጋሼ፣ ለኔ ብለው ነው እንደዚያ የተዋረዱት» አለ ተወልደ።

«ምን ውርደት አለው? እውነቱን ነው የተናገርኩት።»

ተወልደ ተነስቶ በሩን ገርበብ አደረገው። ተመልሶ ጎንበስ አለና፣ «ጠብቆ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ዘፈኑ። ስጽፈው ጠብቆ ነው። እርስዎ መጀመሪያ ለሙክታር ያሉት ነው ልኩ።»

ሽፈራው መርፌውን ኮሌታው ላይ ሰካ። መልሶ ነቀለው። ስንት ቀን ሙሉ እንዴት እኔን ይዘፍነኛል ብሎ ተቃጥሏል፤ አሁን ደግሞ ያልጠበቀው ነገር ሆዱን ባር ባር አለው። ለሙክታር ልዋሽ ብሎ እውነት ተናግሯል፤ እውነት ልናገር ብሎ አገር ፊት ዋሽቷል። ያም ይሁን። ከሁሉ የከፋው ሌላ ነው።

«እና እኔ የለሁበትም?» አለ፤ ድምፁ የሕፃን ሆነበት።

«ሱሪውን የወሰድኩት ከእርስዎ ነው» አለ ተወልደ።

ሽፈራው ተነሳና አንገቱን በበሩ አውጥቶ ወዲያና ወዲህ አየ። ጠርቅሞ ዘጋው።

«ስማኝ» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ላልቶ ነው። እናትህ ብትጠይቅህ ላልቶ ነው፣ ንስሐ አባትህ ቢጠይቁህ ላልቶ ነው። እኔ ቂጤን ለቀበሌ ያሳየሁት አንተ አጥብቀህ እንድትጠፋ አይደለም። ገባህ?»

«ገባኝ፣ ጋሼ።»

ከዚያ በኋላ ካሴቱ እንደ ጉድ ተሸጠ፤ ሰዉም ዘፈኑን በሹክሹክታ ማዳመጥ ትቶ እየሳቀ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያጫውተው ጀመር። ወርቅዬም ቀሚስ ሳትይዝ መምጣት ለመደች። ሽፈራውን ግን ከሩዋንዳ እስከ ገርጂ በስሙ የሚጠራው ጠፋ። «ሱሪው ተቀዶ» ነው የሚሉት። ሙክታር በመስኮት ይለዋል፣ ልብስ የሚያመጣው ደንበኛ ይለዋል፣ የማያውቀው ሰው ሳይቀር በጣቱ እያሳየ ይለዋል። ስሙ የሰፊው ሕዝብ እንጂ የእሱ እንዳልሆነ የሚያውቁት እሱና ተወልደ ብቻ ናቸው። ሲጠሩት ግን፣ «አቤት» ይላል።