«እሺ ቀጥሎ» ያላለችው ነገር

እህቴን ሰው ሁሉ «እሺ ቀጥሎ» ነው የሚላት። መንገድ ላይ አይተዋት የማያውቁ ሰዎች ድምፅዋን ሲሰሙ ዞር ይሉና «አንቺ… እሺ ቀጥሎ አይደለሽም እንዴ?» ይሏታል። እሷም ታፍራለች፣ ደስም ይላታል።

ስሙን ያመጣባት ሥራዋ ነው። ለሱቅ፣ ለመድኃኒት ቤት፣ ለመለዋወጫ ሻጭ የሚሆን አንድ ሶፍትዌር አለ። ምን ገባ፣ ምን ተሸጠ፣ መደርደሪያ ላይ ምን ቀረ የሚለውን ይይዛል። እህቴ እሱን እንዴት እንደሚጠቀሙበት በቪዲዮ ታስተምራለች። ፊቷ አይታይም። የሚታየው ስክሪኑ ነው፣ የምትሰማው እሷ ናት። «አሁን ከላይ በቀኝ በኩል ያለችውን አረንጓዴ እንጫናለን። ተጫነች? እሺ፣ ቀጥሎ…»

ቪዲዮዎቿ የተወደዱት ጎበዝ ስለሆነች አይመስለኝም። ስለምትሳሳት ነው። እየቀረጸች የማይነካ ነገር ትነካና «ውይ! አያችሁ? እኔም ተሳሳትኩ። እንመለስ፣ ማንም አላየንም» ትላለች። አንዱ ቪዲዮ ላይማ እናታችን ከኋላ «ልብሱን ማን ያስገባ? ዝናብ መጣ እኮ!» ስትል ይሰማል። እህቴ አልቆረጠችውም። «ይቅርታ፣ ልብስ ላስገባ» ብላ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እያለከለከች «እሺ፣ ቀጥሎ» አለች። ደንበኞች ያንን ቪዲዮ ሳያስፈልጋቸው ሁሉ ያዩታል።

እኔ ደግሞ የሰው ድምፅ ማስመሰል ከልጅነቴ ያለብኝ በሽታ ነው። ከትምህርት ቤት ቶሎ የተሰናበትኩትም በሱ ነው፤ የሒሳብ አስተማሪውን ስሆን ክፍሉ ከሰውየው ይልቅ እኔን ያዳምጥ ነበር። እህቴን፣ እኔ እታለም የምላትን፣ ማስመሰል ግን ከሁሉም ይከብዳል። ቃሉ አይደለም የሚከብደው፤ ከ«እሺ» በፊት ያለችው ትንፋሽ ናት። ባልዲ ሊያነሳ እንደተዘጋጀ ሰው ትንሽዬ አየር ትስባለች። ያቺን እስካገኛት ስንት ጫማ ተወርውሮብኛል! ካገኘኋት በኋላማ ምሳ ላይ «እማዬ፣ አሁን በግራ በኩል ያለችውን ጭልፋ እናነሳለን። ተነሳች? እሺ፣ ቀጥሎ…» ስል እናታችን በሳቅ ትፈርሳለች። እህቴም «አንቺ ከይሲ!» እያለች አብራ ትስቃለች።

ሶፍትዌሩን የሠራው የእህቴ የልጅነት ጓደኛ ነው። ሰው «ኢንጂነሩ» ይለዋል። እኔ «ቆይማ» ነው የምለው፤ ምን ብትጠይቁት ጆሮ ግንዱን እያከከ «ቆይማ…» ብሎ ነው የሚጀምረው። ሥራውን ሁለቱ የጀመሩት እኛ ቤት ነው። እናታችን የስፌት መኪናዋን ወደ መኝታ ክፍል አስገብታ ጠረጴዛዋን ለቀቀችላቸው። ቆይማ እንደኛው «እማዬ» ነበር የሚላት። ባለፈ ባገደመ ቁጥር ፀጉሬን ካላበላሸ አይሆንለትም። የቤት ልጅ ነበር በቃ።

አንድ ሥርዓት ነበራቸው። አዲስ ቨርዥን ከመውጣቱ በፊት እህቴ «የመጥፊያ ወንበር» ላይ ትቀመጣለች። አንድ እግሯ ያጠረ፣ የምትንገዳገድ የእንጨት ወንበር ናት። ቆይማ ከኋላዋ ይቆማል፤ በጣቱ እንዳይጠቁማት እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል። መናገርም ክልክል ነው። እህቴ ምንም እንደማያውቅ ደንበኛ ትጫናለች፣ ትፈልጋለች፣ ግራ ሲገባት «ጠፋሁ» ትላለች።

«እንዴት እዚህ ትጠፊያለሽ? እዚህ ሕፃን አይጠፋም እኮ!»

«እኔ ጠፋሁ። ሕፃኑን አምጣና አስቀምጠው።»

ይነጫነጭና ያስተካክለዋል። እህቴ ከዳር እስከ ዳር «ጠፋሁ» ሳትል እስክትወጣ ድረስ ቨርዥኑ ወደ ማንም አይሄድም። ይሄን ሥርዓት ያወጣው ራሱ ቆይማ ነበር።

ደንበኞች አፕዴት ሲባል እንደ መርፌ ነው የሚፈሩት። አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ አፕዴት እንዳይመጣባቸው ኢንተርኔቱን ነቅለው ነው ወደ ቤት የሚሄዱት። «ልጄ፣ ይሄኛው አልታመመም፣ ምን ብሎ ይታከማል?» ይሏታል። እህቴ እያንዳንዱን በስልክ ታባብላለች። አንድ ነገር ግን ብላ አታውቅም፤ «ምንም አይጠፋም» አትልም። «መጀመሪያ ኮፒ እናስቀምጥ። ከዚያ እርስዎም ይፈራሉ፣ እኔም እፈራለሁ፣ አብረን እንጫናለን» ነው የምትለው።

ሥራው አደገና ቢሮ ተከራዩ። የመስታወት በር፣ የሚሽከረከር ወንበር፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ የደፉ ልጆች መጡ። የመጥፊያዋም ወንበር አብራ ሄደች። አንድ ቀን ቆይማ እህቴን ጠራት።

«የድሮ ቪዲዮዎችሽ ድምፃቸው ጥራት የለውም። እንደ አዲስ እንቅረጽሽ።»

«ጥሩ። ከየትኛው እንጀምር?»

«ቆይማ… መጀመሪያ እነዚህን አንብቢ። ድምፅሽን ለማስተካከል ነው።»

የሰጣት ነገር ራስና ጅራት የለውም። «ሰማያዊዋ ወፍ የመስኮቱን ዋጋ ጠየቀች።» «አጎቴ ጃንጥላ ዋጠ።» እንዲህ እንዲህ ያለ፣ መዓት ገጽ። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ በተሰቀለበት ጠባብ ክፍል ተቀምጣ ድምፅዋ እስኪሰልል ስታነብ ሰነበተች። ሻይ ላደርስላት ስሄድ እቀልድባታለሁ።

«እታለም፣ አጎትሽ እንዴት ናቸው? ጃንጥላው ወጣላቸው?»

«ዝም በይ አንቺ። እኔ እንጃ፣ እሱ ያውቃል።»

እሱ ያውቃል። በቃ እንደዚያ ነበር የምታምነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ቁርስ እየበላን ስልኳ ጮኸ። አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለቤት ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞች አንዷ ናቸው፤ እህቴ «እትዬ» ነው የምትላቸው። ጩኸታቸው ከስልኩ አልፎ እኔ ጋ ይደርሳል።

«አንቺ ልጅ፣ ምን አድርጌሽ ነው?»

«እትዬ፣ ምን ሆኑ?»

«ተጫኚ አልሽኝ፣ ተጫንኩ። ምንም አይጠፋም አልሽኝ፣ አመንኩሽ። የመድኃኒቶቼ ማብቂያ ቀን አንድ ሳይቀር ጠፋ! ከዚህ ሁሉ መደርደሪያ የቱ እንዳለፈበት በምን ልወቅ?»

«እኔ? መቼ ነው ያልኩት?»

«አሁን ጠዋት ነዋ! በገዛ አንደበትሽ!» አሉና ጆሮዋ ላይ ዘጉት።

እህቴ ዳቦዋን አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች።

«ደውለሽ እኔን መስለሽ አውርተሻል?»

«እታለም! በእናቴ ሞት!»

«ቀና ብለሽ እዪኝ።»

አየኋት። በዚያ ሁሉ ቀልዴ መሀል እንዲህ ተጠርጥሬ አላውቅም።

«እሺ» አለች። ቀጥሎ አላለችም።

አብረን ሄድን። እትዬ ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቆመዋል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ስክሪኑን ወደኛ አዞሩት።

«ይኸው። ራስሽን ስሚ።»

አዲሱ ቨርዥን ነው። እህቴ ያላየችው፣ ወንበሯ ላይ ያልተቀመጠችበት። አረንጓዴዋ የለችም። ሁሉም ነገር ቦታውን ለቋል። ከታች በኩል፣ ከአፕዴቱ ቀድማ ስክሪናቸው ላይ የመጣች አንዲት ትንሽ ክብ ነገር አለች፤ እትዬ ጠቅ አደረጓት። የእህቴ ድምፅ ወጣ።

«ውድ ደንበኛችን፣ ወደ አዲሱ ቨርዥን እንኳን በደህና መጡ። ይህንን ይጫኑ። ምንም አይጠፋም። እሺ ቀጥሎ።»

እህቴ እጇን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች። ቦታው መኖሩን የምታረጋግጥ ነበር የምትመስለው።

እኔ ግን ገባኝ። ያቺ ትንፋሽ የለችም። ባልዲው አልተነሳም።

«እታለም፣ ይሄ አንቺ አይደለሽም። ይሄ እንደኔ ነው፤ አንቺን እያስመሰለ ነው።»

ክቧን ራሷ ጠቅ አድርጋ እንደገና ሰማችው። «ወፏ» አለች ከዚያ። «ጃንጥላው።»

ለእትዬ ማስረዳት ቀላል አልነበረም። ያነበበችውን ሁሉ ለኮምፒውተሩ አስጠንተው፣ እሱ በሷ ድምፅ ያሻውን እንዲናገር አድርገውታል አልናቸው። ሲጠይቁትም ይመልሳል፣ እሷ ግን አታውቀውም አልናቸው።

«ማሽን ነው ትዪኛለሽ? ማሽን የሰው ጉሮሮ ከየት ያመጣል? ተሳሳትኩ በይና በቃ፣ ድሮም ስትሳሳቺ ትናገሪ አልነበረም እንዴ!»

እህቴ ዓይኗ እንባ ሞላ። እትዬ መነጽራቸውን አደረጉ፣ መልሰው አወለቁ።

«ግን እኮ…» አሉ። «ግን ውድ ደንበኛችን ስትዪኝ ከፍቶኝ ነበር። ስንት ዘመን እትዬ፣ እትዬ ስትዪኝ ኖረሽ! ትልቅ ቢሮ ገባችና ኮራች፣ ረሳችኝ አልኩ።»

«እኔ? እርስዎን?»

እትዬ እህቴን አዩ፤ ኮምፒውተሩን አዩ፤ እንደገና እህቴን አዩ።

«አይ የኔ ልጅ» አሉ። «ሰርቀውሻል እኮ።»

ቀኖቹ ለምን እንደጠፉ እህቴ ወዲያው ነው የገባት። አሮጌው ቨርዥን ለማብቂያ ቀን ቦታ አልነበረውም፤ «እዚያ ማስታወሻ የሚለው ላይ ይጻፉት» ብላ በስልክ ያስተማረቻቸው እሷ ናት። አዲሱ ቨርዥን ማስታወሻውን ትቶት ነው የመጣው። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ቢሆን ገና ሳይጀመር «ጠፋሁ» ትል ነበር።

ከዚያ መድኃኒቱን ካርቶን በካርቶን አወረድን። እኔ ቀኑን አነባለሁ፣ እህቴ ታስገባለች። ለማሳቅ ብዬ አንዱን በዜና አንባቢ፣ አንዱን በእናታችን ድምፅ አነበብኩ። ማንም አልሳቀ። በየመሀሉ ማሽኑ «እሺ ቀጥሎ» ባለ ቁጥር እህቴ ክው ትላለች። መጨረሻ ላይ እትዬ ስፒከሩን ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ከዚያ ወደ ቢሮው ሄድን። የመጥፊያዋ ወንበር ጥግ ላይ ናት፤ ማተሚያ ማሽን ተጭኖባታል። ቆይማ ሲያየን ብድግ አለ።

«ሰማሽው? ላስገርምሽ ብዬ እኮ ነው ያልነገርኩሽ!»

«ወንበሩ ላይ ለምን አላስቀመጥከኝም?»

ጆሮ ግንዱን አከከ። «ቆይማ… ብትቀመጪ ትጠፊያለሽ። ሁሌ እንደጠፋሽ ነው። አንቺ ጠፋሁ ስትዪ እኛ መቼ እንወጣለን?»

«እንድጠፋልህ አይደል እንዴ የምታስቀምጠኝ?»

ቆይማ ማተሚያው ላይ የወጣውን ወረቀት ማስተካከል ጀመረ።

«ድምፄስ? ለቪዲዮ ነው ብለኸኝ ነው እኮ ያነበብኩት።»

«ያው ነው። አሁን ደንበኛው በፈለገ ሰዓት ያገኝሻል። አንቺም አረፍ ትያለሽ።»

«ልረፍ ብዬ ለመንኩህ?»

ማዳመጫ የደፉት ልጆች የሚሠሩ መስለው ያዳምጣሉ። እህቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሌላው ይቅር። ‹ምንም አይጠፋም› የምትለዋን ብቻ አውጣልኝ። እኔ እሷን ብያት አላውቅም፤ ታውቃለህ።»

«እሷን ካወጣንማ ማን ይጫናል?» አላት። አልተቆጣም፤ እንደ ተራ ነገር ነው ያለው። «ካንቺ አፍ ሲሰሙት ነው እኮ የሚጫኑት።»

እኔ አላስቻለኝም። ጆሮ ግንዴን እያከክሁ፣ በራሱ ድምፅ «ቆይማ…» አልኩ። «ቆይማ፣ እማዬ ጠረጴዛዋን የለቀቀችው ለማን ነበር?»

ልጆቹ ሊስቁ ብለው ተዉት። ቆይማ ፊቱ ቀላ። «አንቺ ደግሞ ሥራ ፈት» አለኝ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

እህቴ ማተሚያውን አንስታ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ወንበሯን በአንድ እጇ አንጠለጠለችና ወጣን። መንገድ ላይ ሰው ያየናል፤ ሁለት ሴቶች አንድ አንካሳ ወንበር ይዘን።

እሷ ከሥራው ወጣች። ድምፅዋ ግን እዚያው ቀረ።

ቤታችን ዝም አለ። እኔ ማስመሰሌን ተውኩ፤ እንዴት ብዬ? እናታችን ጨነቃት። አንድ ቀን ምሳ ላይ እህቴ ራሷ «ነይ፣ አድርጊኝ» አለችኝ።

«አልፈልግም።»

«አድርጊኝ ስልሽ!»

ትንፋሿን ሳብኩ። «እሺ፣ ቀጥሎ…» አልኩ። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ።

«አንቺ ስታደርጊኝ እኔ እዚሁ ተቀምጬ ነው» አለች። «ጫማም መወርወር እችላለሁ።»

ግን አልወረወረችም።

ቆይቶ፣ እኔና እሷ በመለዋወጫ ነጋዴው በር እያወራን ስናልፍ ሰውየው ድምፅዋን ሰምተው ከውስጥ ጠሩን፤ እነዚያ ኢንተርኔቱን የሚነቅሉት።

«እሺ ቀጥሎ! ተባረኪ! ትናንት አስቸገርኩሽ አይደል? እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው ያለሽ!»

ትናንት እህቴ ቀኑን ሙሉ ከኔ ጋር ልብስ ስታጥብ ነበር የዋለችው።

«ምን አልኩዎት?» አለቻቸው።

የምትቀልድ መሰላቸው። «ምንም አይጠፋም ብለሽኝ የለ? ይኸው ኢንተርኔቱንም መንቀል ተውኩ። አሁን ልጫነው ነበር።»

«ጋሼ፣ እንዳይጫኑት። ኮፒ አስቀምጠዋል? ትናንት ያነጋገረዎት ሰው እኔ አይደለሁም።»

ሰውየው ሳቃቸው ቆመ። እህቴን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ ድምፅዋን እንጂ ፊቷን አያውቁትም።

«ቆይ እስቲ» አሉና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረው ያቺን ክብ ነገር ጠቅ አደረጉ። «አንቺን ልጠይቅሽ።»