ቅሬው ዋርካ ሥር የዋለበት ቀን

ንጋት፣ ደሴ
መናኸሪያው በጉም ተሸፍኗል። ከክፍል ጓደኛዬ ከሰይድ ጋር የሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ተጣበቅን። ሁለታችንም የሶሲዮሎጂ ተማሪዎች ነን። ለማኅበራዊ ፖሊሲ ትምህርት የምጽፈው ስለ ቅሬ ነው፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለው፣ ወሎ ላይ እስላም ክርስቲያኑን በአንድነት የሚያስቀብር ማኅበር። እኔ የከተማ ልጅ፣ «መንግሥት ሳይደርስ ለድሃ የሚደርስ» ብዬ አሞግሼ ጀምሬዋለሁ። ሰይድ ደግሞ የኛን ሰፈር ቅሬ ሳታይማ ምኑን ጻፍከው ብሎ ጎተተኝ።

ረፋድ፣ ኮምቦልቻ
የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወርድ ብርዱ ለቀቀን፤ ጃኬቴን አወለቅሁ። መንገድ ዳር ኮብልስቶን የሚጠርቡ ወጣቶች፣ ባጃጅ፣ አቧራ፣ የፉል ሽታ። ፉላችንን በልተን ስንወጣ አንድ የሰይድ ሰፈር ሰው አገኘን። የሰይድ ሴት አያት ሌሊት ማረፋቸውን ነገረውና «አላህ ያጽናህ» እንኳ ሳይል ሄደ። ወዲያው የሐርቡን መኪና ያዝን።

ቀትር፣ ከሐርቡ በላይ፣ የሰይድ ሰፈር
ለቅሶ ቤት ሰው ይርመሰመሳል ብዬ ስጠብቅ ግቢው ጭር ብሏል። አሮጊቷን አጥበው የገነዟቸው የሰይድ እናት ብቻቸውን ናቸው። አባቱ ጋሽ ይማም ከሬሳው አጠገብ አቀርቅረዋል። ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር ግን የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ዶማና አካፋውን ይዞ ቁጭ ብሏል።

የነገሩን እናቱ ናቸው። ጋሽ ይማም ጥር ላይ የጎረቤት መቃብር ሲቆፈር ቀሩ። ጥፋትህን እመን ሲባሉ የመንግሥት የሴፍቲኔት ሥራ ላይ ነበርኩ ብለው አሻፈረኝ አሉ፤ ከቅሬ ተባረሩ። ከዚያ ወዲህ እሳት እንኳ የሚያጭራቸው የለም። ለሰይድ የደበቁት ትምህርቱ እንዳይረበሽ ነው።

ሬሳ ማሳደር ነውር ነው፤ ፀሐይዋ ደግሞ ልትዞር ነው። ሰይድ ዶማ አንስቶ እኔና አንተ እንቆፍራለን አለኝ። መሬቱ አለት ነው። ብንቆፍርስ ማን ይሸከማል፣ ማን ይሰግድባቸዋል? ንዴቴን መቆጣጠር አቅቶኝ ወደ ዋርካው ሄድኩና የቅሬውን ዳኛ ሸህ እንድሪስን ለሟቿ እንኳ አታዝኑም ወይ አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይማምን ዛሬ ዝም ብለን ብናልፈው፣ ነገ ማን ለማን ይቆፍራል? ወላሂ፣ የምንጠብቀው አንዲት ቃል ነች» አሉኝ። ጢማቸው በእንባ ርሷል። ያሞገስኩት ይሄንን ነው?

ከዙህር ሶላት በኋላ ጋሽ ይማም ኩታቸውን አደግድገው ወጡ። ዋርካው ሥር ሲደርሱ አጎነበሱ።

«አጥፍቻለሁ። አውፍ በሉኝ።»

ሸህ እንድሪስ አፋቸውን ሳይከፍቱ ሰዉ ግር ብሎ ተነሳ። ያ አለት በአንዴ ተፈነቀለ፤ ሴቶቹ እያለቀሱ የሰይድን እናት አቀፏቸው። ቃሬዛውን ከፊት የተሸከሙት ሸህ እንድሪስ ነበሩ፤ ላግዝዎ ያላቸውን ሁሉ በክርናቸው ገፉት።

አመሻሽ፣ የደሴ መንገድ
ሰይድ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። እኔ አሁንም አልበረደልኝም። ያ ሸህ እንድሪስ ከጠዋት ጀምሮ በአያትህ ደጅ ቁጭ ብሎ እንዴት አስቻለው አልኩት።



«የአያቴ ታናሽ ወንድም ናቸው» አለኝ ሰይድ። «እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገቻቸው እሷ ነች።»

ሚኒባሱ መጣ። ተሳፈርኩ፤ ደህና ሁን ማለቱንም ረሳሁት።