ኤቴልካና ሁለቱ ኪቦርዶች

ኤቴልካ ቶሮክ ሠላሳ አንድ ዓመት የጽሕፈት መኪና ስትጠግን ኖራለች። በወረዳው መሥሪያ ቤቶች ውስጥ በእጇ ያላለፈ መኪና አልነበረም። ጆሮዋን አስጠግታ ጥቂት ፊደላት ከመታች በኋላ «ይቺኛዋ ፊደል መቺ መዶሻ ከፋሲካ አታልፍም» ትላለች፤ መዶሻዋም ከፋሲካ አታልፍም።

የጽሕፈት መኪና ዘመን ሲያበቃ ያለ ጊዜዋ ጡረታ አወጧት። ሌላ ሰው ቢሆን የጓሮውን ፓፕሪካ በርበሬ እየኮተኮተ ይቀመጥ ነበር። እሷ ግን ከአንድ መሥሪያ ቤት የተጣለ ኮምፒውተር ለምና ወሰደችና ወጥ ቤቷ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ፈታታችው። ባሏ «ሾርባውን የት ላስቀምጥ?» እያለ ሲያጉረመርም መልሷ አንድ ነበር፦ «ሰው የገጠመውን ሰው ይፈታዋል።»

እኔ ስላቪካ እባላለሁ። ቲሳ ወንዝ ዳር ባለችው መንደራችን የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ስል ጽዳቷም ዘበኛዋም እኔው ነኝ። መንደሩ እኩሌታው ሰርብ፣ እኩሌታው ሃንጋሪ ነው። ሁላችንም የሌላውን ቋንቋ ለመገበያየትና ለመሰዳደብ የሚበቃ ያህል እናውቃለን። በየወሩ አንዲት ጋዜጣ እናወጣለን፤ ግራው ዓምድ በሃንጋሪኛ፣ ቀኙ በሰርብኛ። የሃንጋሪኛውን ኤቴልካ ትጽፋለች፤ የሰርብኛውን ደግሞ ጡረታ የወጣው የጂኦግራፊ መምህር ራዲቮይ። ኮምፒውተሩ ግን የቤተ መጻሕፍቱ አንዱ ነው፤ ኪቦርዱም አንድ።

ጠቡም ከዚሁ መጣ። ሃንጋሪኛና ሰርብኛ የሚጻፉባቸው ፊደላት ለየቅል ናቸው። ኤቴልካ በአሥር ጣቷ፣ ቁልፉን ሳታይ ትጽፋለች። ራዲቮይ ደግሞ በሁለት ጣቱ እንደ ዶሮ እየለቀመ ነው፤ ፊደሉን ቁልፉ ላይ ካላየው አይሆንለትም። ስለዚህ የሰርብ ፊደል የተጻፈባቸው ትንንሽ ወረቀቶች በየቁልፉ ላይ ለጠፈ። ወረቀቱ ጣቷ ላይ እየተጣበቀ ያስመረራት ኤቴልካ ላጠችው። እሱ ይለጥፋል፣ እሷ ትልጣለች፤ ክረምቱ እንዲሁ አለፈ።

አንድ ማክሰኞ ራዲቮይ ስለ ድሮው የወንዝ መሻገሪያ ጀልባ ሊጽፍ ተቀመጠ። አንገቱን ደፍቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ለቀመ። ቀና ሲል ስክሪኑ ላይ ያለው የማንም ቋንቋ ያልሆነ ዝብርቅርቅ ነው። ጠዋት ኤቴልካ ኮምፒውተሩን ወደ ሃንጋሪ ፊደል ቀይራው ሳትመልሰው ቀርታ ኖሯል።

«አንቺ ሴትዮ!» ብሎ ጮኸ፤ እሷ መስኮቱ ጋ ቆማ መጽሐፍ ታገላብጥ ነበር። «የሁለት ሰዓት ልፋቴን ምን አደረግሽው?»

«አንዴ ቀና ብትል ኖሮ ከመጀመሪያው መስመር ታውቀው ነበር።»

«እኔ የምጽፈውን ነው የማየው!»

«የምታየው ጣትህን ነው።»

«ሆን ብለሽ ነው ያደረግሽው!»

«ሆን ብዬ ቢሆንማ በቻይንኛ ነበር የማደርግልህ።»

ራዲቮይ ባርኔጣውን አነሳ። «ከዛሬ ጀምሮ በእጄ እጽፋለሁ። የሚያነብ ያንብብ፣ የማያነብ ይተወው» ብሎ በሩን ጓ አድርጎት ወጣ። ኤቴልካ መጀመሪያ ሳቀች። «ስላቪካ» አለችኝ ቆይታ፣ «ሰውዬው እውነቱን ነው። መላ ሊኖረው ይገባል።»

በእሑድ ገበያ የሰርብ ፊደል ያለበት አሮጌ ኪቦርድ ገዛች። የራሷን የሃንጋሪ ኪቦርድ ከቤቷ አመጣችና ሁለቱንም ኮምፒውተሩ ላይ ሰካች። ራዲቮይን እኔ ሄጄ ለምኜ አመጣሁት። በአዲሱ ኪቦርድ ስሙን ጻፈ፤ በትክክል ወጣ። እሷ በራሷ ኪቦርድ ስትጽፍ ግን የወጣው የሱ ፊደል ነው። ወደ ሃንጋሪ ቀየረችው፤ የሷ ተስተካከለ፣ የሱ ደግሞ ሃንጋሪኛ ሆነ።

ራዲቮይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሁለት አፍ አወጣሽለት እንጂ ምላሱ ያው አንድ ነው!»

«ጨረስክ?»

«ኧረ ገና ነኝ! መንደሩን ዞሬ ለሁሉም ነው የምናገረው።»

«ሁለት ሳምንት ስጠኝና ከዚያ ዙር።»

በማግስቱ፣ ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ሥርዓት፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሉትን፣ አጥፍታ ሌላ፣ በነጻ የሚገኝና ሆድ ዕቃው ሁሉ የሚነካካ ሥርዓት ልትጭንበት ፈቃድ ጠየቀችኝ። ፈራሁ። «የመንግሥት ዕቃ ነው፤ ቢበላሽስ?»

«ካበላሸሁት አዲስ እገዛለሁ። ግን አላበላሸውም» አለችኝ። እንደዚያ ብላ ስትናገር እምቢ ማለት አይቻልም።

ከሰዓት ከሰዓት እየመጣች፣ በማታውቀው ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ መዝገበ ቃላት ይዛ ትፈታ ጀመር። በአራተኛው ቀን አንድ ነገር ገባት። ለካ ኮምፒውተሩ ሁለቱን ኪቦርዶች ለይቶ ያውቃቸዋል፤ ለእያንዳንዳቸውም ቁጥር ይሰጣል። እንግዲያው ይሄ ቁጥር ሃንጋሪኛ ይጻፍ፣ ያኛው ሰርብኛ ብሎ ማዘዝ ይቻላል ማለት ነው። አዘዘችው፤ ታዘዘ። በዚህ ብታቆም ይበቃት ነበር። ግን ለእያንዳንዱ ኪቦርድ የየራሱን ማውስና የየራሱን ጠቋሚ ሰጥታ፣ ሁለት ሰው እኩል እንዲጽፍ ለማድረግ ቆርጣ ተነሳች። እሱም ተሳካላት፤ በነጋታው ግን ሁሉም ተዘበራረቀ። ግማሽ ቀን ከፈለገች በኋላ ጥፋተኛዋ እኔ ሆኜ ተገኘሁ፤ ስጠርግ ገመዶቹን ነቅዬ በሌላ ቀዳዳ ሰክቻቸው፣ ቁጥራቸው ተለዋውጦ ነበር።

ኤቴልካ የጥፍር ቀለም አወጣች። አንዱን ገመድና ቀዳዳውን ቀይ፣ ሌላውን ሰማያዊ ቀባች። «ስላቪካዬ፣ ቀዩን ከቀዩ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊው። ካልሆነ ከራዲቮይ ይልቅ ካንቺ ጋር ነው የምጣላው።»

ሁለቱ ሳምንት ሲሞላ ራዲቮይ ተጠራ። ጎን ለጎን ተቀምጠው እኩል መጻፍ ጀመሩ። በአንዱ ስክሪን ላይ በግራ ሃንጋሪኛ፣ በቀኝ ሰርብኛ ይፈሳል። ራዲቮይ እጁን አነሳ፤ እየጻፈ ቀና ብሎ ስክሪኑን ሲመለከት ሳየው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

«እኔ ስጽፍ ያንቺን አልነካም?»

«በክርንህ ካልሆነ።»

መንደሩን መዞሩንስ ዞረ፤ ግን አወራሩ ነገሩን እሱ የፈጠረው አስመስሎ ነበር።

በዚያው ጸደይ ቲሳ ሞላ። ሐሙስ ጠዋት የወንዙን ሙላት የሚከታተለው መሃንዲስ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ቤተ መጻሕፍቱ ገባ። በወፍጮው በኩል ውሃው መንደሩን ከወንዙ በሚከልለው የአፈር ግድብ ውስጥ መስረግ ጀምሯል አለን። «ታች ሰፈር ከቀትር በፊት ይነሳ፤ ሽማግሌዎቹ ወደ ትምህርት ቤቱ ይግቡ። ወረቀት በየቤቱ ይድረስ፣ በሁለቱም ቋንቋ። በአፍ የተነገረ መንገድ ላይ ይለወጣል።» በእጁ የጻፈውን ትቶልን ሮጠ።

ራዲቮይ ጮክ ብሎ እያነበበ በሰርብኛ ይጽፋል፤ ኤቴልካ እየሰማች እዚያው በሃንጋሪኛ ትመልሰዋለች። ሦስተኛው መስመር ላይ ጣቷ ቆመ።

«ቆይ። ታች ሰፈር ስትል የቱን ነው?»

«የቱን እላለሁ? ወፍጮው ጋ ያለውን ነዋ።»

«እኛ እኮ ታች ሰፈር የምንለው መቃብሩ ጋ ያለውን ነው። የወፍጮው ለኛ ላይ ሰፈር ነው።»

የራዲቮይ ሁለት ጣቶች አየር ላይ ቀሩ። «አርባ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ይሄን አላውቅም?»

«ጠይቀኸን ታውቃለህ?»

እንደ ድሮው ቢሆን እሱ ጠዋት ጽፎ ይሄዳል፣ እሷ ከሰዓት ብቻዋን ቃል በቃል ትተረጉማለች። ወፍጮው ጋ ያሉት ሃንጋሪዎች ቤታቸው ተቀምጠው፣ መቃብሩ ጋ ያሉት በከንቱ ዕቃቸውን በጫኑ ነበር። አሁን ግን ሁለቱም ጽሑፍ ዓይናቸው ሥር ነው። ታችና ላይ የሚለውን አጠፉና «ከወፍጮው እስከ ጋቭራ የውሃ ጉድጓድ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያላችሁ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ራዲቮይ የሰርቦቹን፣ ኤቴልካ የሃንጋሪዎቹን አባወራዎች ስም በየቤቱ ተራ አሰፈሩ። አራት ሰዓት ሳይሞላ ወረቀቱ ታትሞ አለቀ፤ እኔና ፖስተኛው በብስክሌት አደልነው።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ግድቡ በወፍጮው በኩል ተደረመሰ። ውሃው አሥራ አንድ ቤት ገባ፤ በአንዱም ውስጥ ሰው አልነበረም። ሰርብኛ ማንበብ የማትችለው ሰማንያ ዓመት ያለፋት ፒሮሽካ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ የዓሣው ሾርባ ፓፕሪካ አነሰው እያለች ታማርር ነበር። «ወረቀቱ በስሜ ጠርቶኝ መጣ» አለችኝ። «በስሜ ባይጠራኝ ኖሮ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም ነበር።»

በሚቀጥለው ጋዜጣ ቀኙ ዓምድ ላይ ራዲቮይ ስለ ኤቴልካ ብዙ ጻፈ፤ ይቺ የሚያናድድ ምላስ ያላት ሴትዮ የመንደሩ ኩራት ናት ብሎ ደመደመ። በግራው ዓምድ ኤቴልካ የጻፈችው ስለ ውሃ መምጠጫ ሞተር ጥገና ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ የሱን ዓምድ ቆርጣ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አይቻታለሁ።

ወሬው ከኛ መንደር ወጣ። የጎረቤት መንደር ጤና ጣቢያ ጠራት፤ ቀጥሎ የገበሬዎቹ ማኅበር። ኪቦርዶቿንና የጥፍር ቀለሞቿን ይዛ በአውቶቡስ ትሄዳለች፤ ሠርታ ትመለሳለች። ባለፈው መስከረም ከአንድ ሩቅ መንደር ስልክ ሲደወል አጠገቧ ነበርኩ። እዚያ ከሰርቦቹና ከሃንጋሪዎቹ ሌላ፣ የራሳቸው ፊደል ያላቸው ስሎቫኮችም አሉ።

«ሦስት ኪቦርድ?» አለች ኤቴልካ፣ እርሳስ እየፈለገች። «ሠርቼው አላውቅም። ማክሰኞ እመጣለሁ።»