ኪሳቸውን የሚያራግፉት ሰው

ከእስር የተፈቱ ሰዎች በየሳምንቱ ቀርበው የሚፈርሙበት ቢሮ ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ነው እኚህን ሰውዬ ያየኋቸው። ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ማንም ሳይጠይቃቸው ኪሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አራገፉ፤ የእስር ቤቱ የፍተሻ ልማድ ገና አልለቀቃቸውም። ከቁልፍና ከመሀረብ ጋር የአውቶቡስ ቲኬት ወጣ።

ተቆጣጣሪዋ ቲኬቱን አነሳችው። «አባባ፣ ከከተማ መውጫ ፈቃድ ሳልሰጥዎት ቆረጡ?»

«ልጄ ነገ ታገባለች። ‹አባቴ ይምጣ› ያለችው ትናንት ማታ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ዘግታኝ ነበር። ልቤ ቀደመኝ፣ ምን ላድርግ!»

«አውቶቡሱ እኮ ሩብ ሰዓት ነው የቀረው!»

ፊቷ እንደተኮሳተረ እስክሪብቶዋ የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ሮጠ። ማኅተሙ ሲያርፍ ተራ የምንጠብቀው ሁሉ ሳናውቀው ቆመን ነበር። ሰውዬው ፈቃዱንና ዕቃቸውን አፍሰው በረሩ። እሷም እስከ ወገቧ በመስኮት ወጥታ ጮኸች፦

«በገበያው ያቋርጡ አባባ፣ በገበያው ይቀርባል!»