ውሃ የጠገበ ክኒን

የዚያን እሑድ የባለቤቴን የሚጥል በሽታ ክኒኖች በሙሉ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ደፋኋቸው። ተናድጄ ነበር። ሌላው ሰው ሲናደድ ብርጭቆ ይሰብራል፤ ዕድሜ ልኬን ኬሚስትሪ ያስተማርኩት እኔ ሽማግሌው መድኃኒት እደፋለሁ።

ለንዴቴ ግን ምክንያት ነበረኝ። ባለቤቴ ክኒኗን ሳታጓድል እየዋጠች፣ በዚያው ሳምንት ጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ ወደቀች። ግንባሯ ተፈነከተ። ለጎረቤት «ራሷን አዙሯት ነው» አልኩ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አንዷን ክኒን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣልኳት። ሻዬን ጠጥቼ ስመለስ እንደ ጠጠር ቁጭ ብላለች። በማንኪያ ብጫናት ማንኪያው ተንሸራተተ። «ሌቦች!» ብዬ ጮህኩ፤ እነማንን እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ጉድጓዱ።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን በፋርማሲ የምትማረው ልጃችን ለምሳ መጣች። ብርጭቆውን አንስታ አየችው።

«አባባ፣ ክኒኑ የት ነበር የሚቀመጠው?»

«ማድ ቤት፣ መደርደሪያው ላይ። እንዳትረሳው ብዬ። የመድኃኒቱ ዕቃ ክዳን ስላስቸገራት ወደ ባዶው የስኳር ዕቃ ገለበጥኩላት።»

«የቦይናው ድስት ከሚንተከተክበት ምድጃ በላይ?»

አንገቴን ወደ ማድ ቤቱ አዞርኩ።

«ይሄ መድኃኒት ድሮም ውሃ ውስጥ በግድ ነው የሚሟሟው። እንፋሎት ሲያገኘው ደግሞ ውሃውን ይዞ ሌላ ክሪስታል ይሆናል፤ ይጠነክራል። እማዬ ትውጠዋለች፣ ሰውነቷ ግን የሚገባውን ያህል አያገኝም። እኔ ላብራቶሪ ከሳካሪን ጋር የምፈጨው እኮ ይሄንኑ ነው።»

«ሳካሪንማ የእኔ ነው! ስኳር ከያዘኝ ጀምሮ ሻዬን የማጣፍጠው በምን ሆነና?»

«እሱው ነው። አብረው ሲፈጩ ሁለቱ ተያይዘው አንድ ክሪስታል ይሠራሉ። ቶሎ ይሟሟል፣ እርጥበትም በቀላሉ አይደፍረውም። ሌሎች ቀድመው የሠሩት ነው፤ እኔ እየደገምኩት ነው።»

«ታዲያ ለምን ፋርማሲ ውስጥ የለም?»

«በሙቀጫ መፍጨትና ክኒን አድርጎ መሸጥ ይለያያል፣ አባባ። ሰው ላይ መመርመር አለበት፣ ፋብሪካ ይፈልጋል። ለአሮጌ ርካሽ መድኃኒት ማን ገንዘብ ያወጣል?»

ደሜ ፈላ። መፍትሔው እዚሁ ሶዶ፣ በልጄ ሙቀጫ ውስጥ ተቀምጧል፤ የእናቷ ግንባር ግን በፋሻ ታስሯል። ይሄን ክኒን የሠሩት ሰዎች ክረምት የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም? እያልኩ ስፎክር ልጄ አቋረጠችኝ።

«የቀረውን አምጣና ልየው።»

የት እንዳለ ነገርኳት።

«በሙሉ? አባባ! ደካማም ቢሆን ካለመዋጥ ይሻል ነበር። በድንገት ሲቋረጥ ነው የሚብሰው። የማታውን ከየት ልናመጣ ነው?»

«ቀስ በሉ፣ ገና አልወደቅኩም» አለች ባለቤቴ፤ ግን አልጋው ላይ ተቀመጠች።

በባጃጅ ከተማውን አካለልኩት። ከፊሉ ፋርማሲ ዝግ ነው፤ ክፍት የሆነውም «አልቋል፣ ነገ ምናልባት» ይላል። ሻንቶ ከተማ ድረስ ልሂድ ብዬ አስቤ፣ ሰዓቱን አይቼ ተውኩት። ከቤታችን አጠገብ ያለው ቆርቆሮ ነጋዴ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ብቻዬን ስሳደብ አገኘኝ።

«ጋሼ፣ ቆርቆሮው ምን አደረገዎት?»

ነገርኩት። ያን የደበቅኩትን በሽታም በስሙ ጠራሁት። ግራ ቀኙን አይቶ ወደ ጓሮ ወሰደኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ልጄም እሱኑ ነው የሚውጠው። ለማንም እንዳይናገሩ። ከታወቀ አብሮት ኳስ የሚጫወት አይገኝም።»

ቤቱ ገብቶ ሁለት ፍሬ ክኒን ከነማሸጊያው ይዞልኝ መጣ። ልጄ ስሙንና መጠኑን አንብባ «ራሱ ነው» አለች። ባለቤቴ ዋጠች፤ ያን ሌሊት ተኛች፤ እኔ ግን ትንፋሿን ሳዳምጥ አደርኩ። በማግስቱ መድኃኒቱ ከፋርማሲ ተገኘ።

ብድሬን ልመልስ ሁለት ክኒን በኪሴ ይዤ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ደንበኞች ነበሩበት። እጄ ወደ ኪሴ ሲሄድ አይቶ «ጋሼ፣ ቆርቆሮው ገና አልገባም!» ብሎ ጮኸ፤ በዓይኑ ሂድ አለኝ። ሌላ ቀንም እንደዚያው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታውን ፈጠን አድርጎ ያልፈኛል። በሰፈሩ እናደዳለሁ፤ «ራሷን አዙሯት ነው» ባዩ ሰፈርተኛ እኔው መሆኔ ደግሞ ይብስ ያናድደኛል። ሁለቱ ክኒኖች እስከ ዛሬ አሉብኝ።